ድልድዩን የሠራ ከሥሩ ይቁም

ጋሪው ቁልቁለቱን እንደ ጀመረ እናትየው በአንድ እጇ ጃንጥላዋን፣ በሌላው የጋሪውን ጠርዝ ጨብጣ፣ ለበቅሎዋ፣ ለመንገዱና መንገዱን ላስጠረገው ሹም እርግማኗን በየተራ ታድል ጀመር። ለማንም አላዳላችም።

"ቀስ በል አንተ! ወንዙ ዘንድ የምታደርሰኝ አጥንቴን በጆንያ ለቅመህ ነው?"

"ቀስ ብያለሁ እማዬ። ከዚህ በላይ ቀስ ካልኩ በቅሎዋ የደረስን መስሏት ትተኛለች።"

ልጇ ከፊት ተቀምጦ ልጓሙን ይዟል። ገዢው የሸለሙትን ባለ ነሐስ ቁልፍ ካፖርት ለብሶ፣ በላዩ የዋና ግንበኝነት ማዕረጉ ምልክት የሆነውን የቆዳ ሽርጥ አሸርጧል። ሠራተኞቹ "ጠበቅ" ይሉታል። ገና ለማጅ ሳለ ጀምሮ ምሰሶ ሲታሰር፣ ሽብልቅ ሲመታ፣ ገመድ ሲወጠር "ጠበቅ! አሁንም ጠበቅ!" ከማለት አፉ አያርፍም ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ ከጀርባው "ጌታ ጠበቅ መጡ" ይባባላሉ፤ እሱም ይሰማል፣ ሰምቶም ይስቃል።

የጋሪው ቀኝ ጎን ክፍት ነው፤ ሜዳውም፣ ዛፉም፣ አላፊ አግዳሚውም ይታያል። ግራው ግን ከጣሪያ እስከ ወለል በወፍራም ሸራ ተጋርዷል። ወንዙ ያለው በግራ በኩል ነው።

ለሸራው ጀርባዋን ሰጥታ የተቀመጠችው የልጇ ሚስት ናት። ሀገር ሁሉ ቀዛፊዋ ይላታል። መቅዘፊያ ከጣለች ሁለት ዓመት ቢያልፋትም ስሟን የቀየረላት የለም። እናትየው ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ጣቶቿ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። "እዚያ ደርሰን በሕዝብ ፊት ብትወድቅብንስ?" አለች እናትየው በልቧ። "ልጄ ድልድዩን ትቶ እሷን ሊያነሳ ይሮጣል። ሕዝቡም ግንበኛው ከድልድዩ ሥር ሸሸ ይላል። ያኔ አለቀልን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ግንበኞች አንድ ሕግ ነበራቸው፤ የትም ያልተጻፈ፣ ግን ንጉሥም የማይሽረው። ድልድይ የሠራ ሰው የመጀመሪያው ከባድ ጭነት በላዩ ሲያልፍ ከሥሩ ይቆማል። ሚስት ያለውም ከነሚስቱ ይቆማል። ከሥሩ ንቅንቅ ካለ ግን ድልድዩ እንደ ሐሰተኛ ምስክር ነው፤ ማንም አይረግጠውም። "ይህን ሕግ ያወጣው ሰውዬ ወይ ሚስቱን አጥብቆ የሚወድ ነበር፣ ወይ አጥብቆ የሚጠላ" ትል ነበር እናትየው።

የዛሬው ጭነት ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ወታደሮቹ "አያ ጉርምርም" የሚሉት፣ ስምንት በሬ የሚጎትተው፣ በጦርነቱ ጊዜ አንድ ከተማ ሙሉ እንቅልፍ የነሳው የነሐስ መድፍ ነው።

የጦርነቱን ነገር ማንሳት ባይወደድም ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነበር። በመጨረሻው ዓመት የተሸነፈው ጦር ሲሸሽ የቀዛፊዋን አባት ወንዙ ዳር አገኛቸው። አባቷ የማሻገሪያው ጀልባ ባለቤት ነበሩ፤ እሷም ከልጅነቷ ጀምሮ ከጎናቸው ስትቀዝፍ ያደገች ናት። ወታደሩ ጀልባዋ ከምትችለው እጥፍ ሆኖ ተጫነባት። "አይሆንም፣ ግማሻችሁ ውረዱ" አሉ አባትየው። አንድ መኮንን ሽጉጡን መዞ ደረታቸው ላይ ደገነ። ቀዘፉ። መሐል ወንዝ ላይ ጀልባዋ ተገለበጠች። ልጅቷ እየዋኘች፣ እየተመላለሰች ሰው አወጣች፤ ያወጣቻቸው ዛሬም በሕይወት አሉ፣ ይመሰክራሉ። አባቷን ግን አላገኘቻቸውም።

ከዚያ ወዲህ ወንዝ ማየቱ ቀርቶ ውሃ ሲንቆረቆር ስትሰማ ትንፋሿ ይቆረጣል፣ ያለችበትንም ቤት ትረሳለች። ያኔ ለእናትየው ልጅ ታጭታ ነበር። እናትየው ልጇን ለብቻው ጠርታ፣ "ልጄ፣ የታመመች ሴት አግብተህ ዕድሜ ልክህን አስታማሚ ልትሆን ነው?" አለችው።

"አዎ" አላት።

ለዚህች ለአንዲት ቃል የሚሆን መልስ እናትየው እስከ ዛሬ ስታፈላልግ አለች።

አገባት። ቤቱን ከወንዙ አርቆ ኮረብታው ላይ ሠራ፤ መስኮቶቹን ሁሉ ወደ ተራራው አዞራቸው። ውሃ ሲቀዳ ድምፅ እንዳይሰጥ ደግሞ አንድ ዘዴ አበጀ። ቀጭን እንጨት ኩባያው ውስጥ ያቆምና የማንቆርቆሪያውን አፍ ከእንጨቱ ጫፍ ያስጠጋል፤ ውሃው እንጨቱን ተከትሎ ሹልክ ብሎ ይወርዳል፣ ጠብ ሲል አይሰማም። ይህንኑ ለእናቱም አስተማራት። ዕድሜዋን ሙሉ ውሃ ስትቀዳ የኖረች ሴት ውሃ መቅዳት እንደ አዲስ ተማረች! "ኩባያው እስኪሞላ እኔ በጥም ደርቄ እቀራለሁ" እያለች ታማርራለች። ማማረሯ እንዳለ ሆኖ፣ ያችን እንጨት ሳትይዝ አንድ ቀን ቀድታ አታውቅም። አሁንም ጭኗ ላይ ባለው ቅርጫት ውስጥ ከዳቦው፣ ከማንቆርቆሪያውና ከኩባያው ጋር እንጨቷ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

ጋሪው አንድ ኩርባ እንደ ዞረ ድምፁ መጣ። ከሸራው ማዶ፣ ከሩቅ፣ ወንዙ ያጉረመርማል። ቀዛፊዋ አንገቷን ሰበረች። ትንፋሿ እያጠረ ሄደ።

ግንበኛው ልጓሙን ሳበ፣ ከጋሪው ወረደ፣ ዞሮ መጥቶም ከፊቷ ቆመ። አልነካትም። እጇን እስክትዘረጋለት ጠበቀ፤ ስትዘረጋለት ነው የያዛት።

"ምን ይታይሻል?" አላት።

እናትየው ዓይኗን ወደ ሰማይ አንጋጠጠች። ይህም የልጇ ሌላው ዘዴ ነው። ቤት ውስጥ በቀን ስንቴ ትሰማዋለች! የታመመን ሰው መድኃኒት ይሰጡታል እንጂ ምን ይታይሃል ብለው ይጠይቁታል?

"ጆሮ" አለች ቀዛፊዋ፣ ቃሉ በጥርሷ መሐል እየተቆራረጠ።

"የማን ጆሮ?"

"የበቅሎዋ። ጫፉ ተሸርፏል።"

"ሌላስ?"

"ቁልፍህ። ሦስተኛው ሊወድቅ ነው።"

"ሌላስ?"

"የእማማ ጫማ። የግራው ተረከዝ አልቋል።"

"በተረከዜ ምን አገባሽ!" አለች እናትየው እግሯን ወደ ቀሚሷ እየሳበች። ቀዛፊዋ ፈገግ አለች፤ ትንሽ ናት፣ ግን ፈገግታ ነበረች። ትንፋሿም ቀስ በቀስ ተመለሰ።

"ልመልስሽ?" አላት ባሏ።

ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠረውና፣ ፊቱ ሳይጠቁር፣ ቅር ሳይለው፣ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ ጋሪውን ያዞር ጀመር።

እናትየው የጋሪውን ወለል በጃንጥላዋ መታች። "ምን እያደረግክ ነው? ገዢው ቆመው፣ ሻለቃው ቆሞ፣ ከተማው ሁሉ ወጥቶ!"

"ቤት አድርሻት እመለሳለሁ እማዬ።"

"አይደርስልህም!"

"ካልደረሰ ይቅራ። ድልድይ ነው፣ የትም አይሄድም።"

ቀልዱን መሆኑን ለማረጋገጥ ፊቱን አየችው። አይቀልድም። ሁለት ዓመት ፀሐይ የጠበሰው፣ ድንጋይ ጣቱን የቀጠቀጠው ለዚህ ቀን ነበር፤ እሱ ግን በቅሎዋን "ነይ ዙሪ" እያለ በለሆሳስ ያባብላታል። እናትየው ያን ጊዜ ተናደደች፤ ከንዴቷ ሥር ግን ስሙን የማታውቀው ሌላ ነገር ነበር። ለእሷ በሕይወቷ እንዲህ ጋሪ ያዞረላት ሰው አልነበረም።

"ማን ዙር አለህ?" አለች ቀዛፊዋ።

"ዝም ስትዪ ጊዜ..."

"ዝም ያልኩት ለመናገር ትንፋሽ እየፈለግኩ ነው። ሸራውን አውርደው።"

"ሁሉንም?"

"ከላይ ጀምረህ። ቀስ እያልክ።"

ከላይ ያለውን የሸራ ማሰሪያ ፈታና ክንድ በማትሞላ አወረደው። ቀዛፊዋ ዞራ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰማይ ታየ፤ ከዚያ የማዶው ጋራ። ትንሽ ሲያወርደው የዛፎቹ ጫፍ፤ አሁንም ትንሽ ሲያወርደው በሁለቱ ዳርቻ መሐል የተዘረጋ ረጅም አጥር፣ ከአጥሩ ሥር ጠይም ወጋግራ፣ ከወጋግራው ሥር የተጠረበ ነጭ ድንጋይ።

"እሱ ነው?" አለች።

"እሱ ነው።"

አይታው አታውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ገበታ ላይ በስንጥር እየሠራ ሲያሳያት የኖረውን ድልድይ ዛሬ ገና ማየቷ ነው።

"አንተ! ቆንጆ ነው እኮ!" አለች፤ ድምፁ ከሆዷ ነበር የወጣው። "ስንጥሩ ላይ አጥሩን አላሳየኸኝም!"

ዋና ግንበኛው፣ የነሐስ ቁልፍ የለበሰው ሰውዬ፣ እንደ ልጅ እስከ ጆሮው ቀላ። "እሱን... ለድንገቴ ብዬ ነው የደበቅኩት" አለ። እናትየው ሳቋ አመለጣት። ሸራው ከነጩ ድንጋይ በታች አልወረደም፤ ጋሪውም እንደዚያው ግማሽ ፊቱን ተከናንቦ ጉዞውን ቀጠለ።

ወንዙ ዳር ሕዝቡ እንደ አሸዋ ፈሷል። ከበሮው ይደለቃል፣ ጥሩምባው ይነፋል፤ ገዢው በዳስ ሥር በትልቅ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ሻለቃው ጎራዴውን ታጥቆ በድልድዩ አፍ ላይ ይንጎራደዳል። ቀዛፊዎቹ ብቻ የሉም። "ይህ ድልድይ ጉሮሯችንን ሊዘጋ ነው" ብለው አኩርፈው፣ ታንኳዎቻቸውን ዳር ላይ እንደ ተገለበጡ ትተው ወደ መጠጥ ቤት ገብተዋል። ስለዚህ ግንበኛው ከድልድዩ ሥር የሚቆምባትን አሮጌ ጀልባ ያሰረለት ቀዛፊ አልነበረም። ትናንት በገዛ እጁ ከፊትም ከኋላም በሁለቱ የድልድይ እግሮች መሐል ወጥሮ አሰራት።

ገዢው ደግ ሰው ናቸው። የሴቲቱን ነገር ሰምተው፣ "ከወንዙ ዳር ከቆመች ከሥሩ እንደ ቆመች ይቆጠርላት" ብለው ነበር። ልጇ ሁለቱን ሴቶች ከዳሱ ራቅ አድርጎ፣ ከተገለበጡት ታንኳዎች አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር አቆማቸው።

"እዚህ ሆነሽ እጅሽን ካነሳሽልኝ ይበቃኛል" አላት ሚስቱን። "ዓይንሽን ብትጨፍኚም ግድ የለም። እኔ አይሻለሁ።"

ሄደ። ወደ ጀልባዋ ወርዶ ከሥሩ ቆመ፣ ባርኔጣውንም አወለቀ። እናትየው የምራቷ እጅ በእጇ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ማን ማንን እንደ ያዘ አላስታወሰችም።

በሬዎቹ አያ ጉርምርምን እየጎተቱ ብቅ ሲሉ ሕዝቡ ጮኸ። ቀዛፊዋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ ከፈተችው፣ ወደ ውሃውም አየች። እናትየው እንደምትወድቅ እርግጠኛ ሆና ክንዷን አጠበቀች። አልወደቀችም።

"እማማ፣ ማታ ተራራው ላይ ዘንቧል።"

"ዘንቦ ይሆናል፤ እኔ ምን አውቃለሁ።"

"ዘንቧል። ቀለሙን ይዩት። አረፋው፣ ቅጠሉ። እየሞላ ነው።" ቃሏ ጥርት ያለ ነበር። "ገመዱን አጥብቆ አስሮታል።"

"ጥሩ ነዋ! እንዳይወስደው።"

"አይደለም እማማ! ውሃ ሲነሳ ጀልባ አብሮ መነሳት አለበት። ገመዱ ካልላላላት መነሻ የላትም፤ አፍንጫዋን ይዞ ወደ ታች ይደፍቃታል። ይዩ፣ እየጠጣች ነው!"

እናትየው ዓይኗን አጥብባ አየች። እውነትም የጀልባዋ አፍንጫ ዝቅ ብሏል፤ ቡናማው ውሃ በጠርዟ ላይ እየተሻገረ ይገባል። ድልድይ ጠበቅ ሲሉት ይቆማል፤ ጀልባ ጠበቅ ሲሏት ትሰምጣለች። በዚያ ሀገር ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው ቢፈለግ ከልጇ በቀር አይገኝም። እሱ ደግሞ አንገቱን ሰቅሎ ወጋግራዎቹን ነው የሚያየው፤ እግሩ ሥር ስለሚሆነው ነገር አሳብም የለው። ዋናም አያውቅም።

"ልጄ! አንተ! ከሥርህ!" ብላ ጮኸች። ሕዝቡ የደስታዋ ብዛት መስሎት አብሯት ጮኸ። ከበሮው ይባስ ጋለ።

ቀዛፊዋ ሮጠች። እናትየውም እጇን እንደ ያዘች ከኋላ ከኋላዋ ተጎተተች። ውሃው ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ግን የልጅቷ እግር እንደ ችካል ተተከለ። ዓይኗ ፈጠጠ፣ ትንፋሿ ተቆረጠ፤ ያ መኮንን፣ ያ ሽጉጥ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ተመልሶ እንደ መጣባት ያስታውቃል።

እናትየው አፏን ከፈተች። "ልጄ እየሰመጠ ምን ይገትርሻል!" የሚለው ከምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። የልጅቷን ፊት ስታይ ዋጠችው። ከፊቷ ዞራ ቆመች፣ ሁለቱንም እጆቿን ያዘች።

"ምን ይታይሻል?" አለቻት።

"ውሃ።"

"እሱን ተይው፣ እሱን እኔም አየዋለሁ። ሌላስ?"

"ታን... ታንኳ።"

"የማን ታንኳ?"

ቀዛፊዋ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። "የአባቴ እጅ ሥራ ነው። ጠርዙን እንዲህ የሚጠርብ ሌላ የለም።"

"ተባረኪ። ሌላስ?"

"መቅዘፊያ።"

"ሌላስ?"

"ባሌ።"

"እንግዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው?" አለች እናትየው።

"እማማ፣ አይልቀቁኝ።"

"አልለቅሽም!"

ይህን ቃል ስትሰጥ ታንኳ ውስጥ መግባት እንደሚከተለው አላሰበችበትም። ተባብረው ታንኳውን ገልብጠው ገፉት፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን በሥርዓት አታስታውስም። ብቻ ስትነቃ ውሃ ላይ ነች፣ ቅርጫቷ ክንዷ ላይ ነው፣ በአንድ እጇ ጃንጥላዋን፣ በሌላው የምራቷን ቀሚስ ከኋላ ጨብጣለች።

ቀዛፊዋ እያለቀሰች ትቀዝፋለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል፤ ክንዷ ግን ሥራውን አልረሳም፤ መቅዘፊያው ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ እየገባ በኃይል ይወጣል። ድምጿም ተለወጠ።

"እማማ፣ መሐል ይቀመጡ! ጃንጥላውን ይጠፉት፣ ነፋስ ያስይዘናል!"

"ይኸው አጠፍኩ! አትቆጪኝ!" አለች እናትየው፤ በልጇ ሚስት ስትታዘዝ የመጀመሪያዋ ነው።

ከድልድዩ ሥር ሲደርሱ ልጇ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ የረጠበውን ውል በጥፍሩ ይቧጥጣል። የራሱ ውል ለራሱም አልፈታ ብሎታል። ቀና ሲል ሚስቱን አየ፤ ለጀልባዋ ያልደነገጠውን ለእሷ ደነገጠ።

"ምን አመጣሽ! ተመለሺ! ዓለሜ፣ ወንዝ ላይ ነሽ እኮ!"

"አውቃለሁ ወንዝ ላይ እንደሆንኩ! መጥረቢያህን አቀብለኝ!"

ከሽርጡ መዞ አቀበላት። የፊቱን ገመድ አንዴ መታች፣ ደገመች። ገመዱ ሲበጠስ የጀልባዋ አፍንጫ ሽቅብ ዘለለ፤ የገባው ውሃ ወደ ኋላ ሲገለበጥ ዋና ግንበኛውም ከነሽልማቱ በቂጡ ተቀመጠ።

"በጠስሽው! ሊወስደን ነው!"

"አይወስደንም።" የኋላውንም ገመድ በጠሰችና ከታንኳው ጋር የታሰረውን ረጅም ገመድ በድልድዩ እግር ላይ አዞረችው፣ ጫፉንም ለባሏ አስጨበጠችው። "ያዝ። አሁን አላላው።"

"ምን ያህል?"

"ውሃው የጠየቀህን ያህል።"

ሰውዬው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር አላላ። ክንዱ አልለመደውምና ገመዱን ሲለቅ እንደ ስስታም እየሳሳ ነው። ጀልባዋ ግን ተነሳች፤ ከታንኳው ጎን ለጎን ሆና ከውሃው ጋር ከፍ ዝቅ ማለት ጀመረች።

ሻለቃው ከላይ በአጥሩ አጎነበሰ። "ዋና ግንበኛ! ከሥር ነህ?"

"ነኝ፣ ክቡር ሻለቃ!"

"ብቻህን?"

ልጇ ወደ ሚስቱ ዞረ። መልሱን ለእሷ ተወላት።

"ከነሚስቱ!" አለች ቀዛፊዋ ወደ ላይ።

"ከነእናቱም!" አለች እናትየው። "አሳልፉት እንግዲህ፣ ሰው ሥራ አለው!"

አያ ጉርምርም ተንቀሳቀሰ። የበሬዎቹ ኮቴ፣ ቀጥሎም የመንኮራኩሩ ድምፅ በራሳቸው ላይ መጣ። ወጋግራዎቹ ሲጥ አሉ። አቧራና የእንጨት ፍቅፋቂ እንደ ዱቄት ዘነበ፤ እናትየው ጃንጥላዋን ከፈተች። ልጇ ፊቱ አመድ መስሏል። ቤት ውስጥ ሌሊት የማይደነግጠው፣ ሚስቱ ስትባንን ቀድሞ የሚነሳው ልጇ፣ አሁን ገመዱን እንደ ያዘ ዓይኑን ከወጋግራው መንቀል አቅቶታል።

ቀዛፊዋ እጇን በታንኳው ጠርዝ አሻግራ ዘረጋችለት። አልነካችውም። እሱ እስኪይዛት ጠበቀች።

"ምን ይታይሃል?" አለችው።

"ወጋግራ።"

"ሌላስ?"

"ሽብልቅ። ሦስተኛው። በደንብ ተመቷል።"

"ሌላስ?"

"አንቺ።"

"ሌላስ?"

"አንቺ።"

"አንድ ነገር ሁለቴ አይቆጠርም።"

"እኔ የሚታየኝ ይኸው ነው፤ ምን ላድርግ?"

"እማማስ?" አለች ቀዛፊዋ እየሳቀች፣ እንባዋም ገና ሳይደርቅ። "እርስዎ ምን ይታይዎታል?"

"ምንም አይታየኝም! ዓይኔን ጨፍኛለሁ!" ስትል የሦስቱም ሳቅ ከድንጋዩ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። በጠላት ሀገር ያን ያህል ሲፈራ የኖረው መድፍ ከሥሩ እየተሳቀበት አለፈ።

የማዶው ሕዝብ ጩኸት መድፉ መሬት መርገጡን ነገራቸው። ድልድዩ ቆሟል። ሻለቃው ባርኔጣውን አውልቆ አወዛወዘ። ጩኸቱን ሰምተው ከመጠጥ ቤት የወጡት ቀዛፊዎች ኩርፊያቸውን ረስተው ወደ ውሃው ጠርዝ ሮጡ፤ ከመሐላቸው አንድ ሽማግሌ፣ "ቀዛፊዋ! እሷ ናት! ቀዛፊዋ ወጣች!" እያለ እንደ ሕፃን ይዘላል።

"በይ አሁን ዳር ላውጣሽ" አለ ልጇ ቶሎ ብሎ። "ጋሪው ውስጥ ሸራውን ጨርሼ እጋርደዋለሁ። ትተኛለሽ።"

ቀዛፊዋ መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ያለፈው ሁሉ ድካም በአንድ ጊዜ እንደ ወደቀባት ያስታውቃል። ማታ መባነኗም እንደማይቀር ሦስቱም ያውቃሉ።

"እተኛለሁ" አለች። "ግን ትንሽ እንቆይ። እንዲህ በቀስታ ከፍ ዝቅ ስትል... አባቴ ይወደው ነበር።"

ልጇ ሊከራከር አሰበ፤ ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየና ተወው።

"እንግዲያው ውሃ አጠጡኝ" አለ። "አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው።"

እናትየው ቅርጫቷን ከፈተች። ኩባያውን ለልጇ ሰጠች፣ ማንቆርቆሪያውን አነሳች፣ እንደ ልማዷም ቀጭኗን እንጨት ከጨርቋ ፈታች።

"እማማ" አለች ቀዛፊዋ። "እንጨቷን ይተዉአት።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ይቅዱት።"

እናትየው ልጇን አየች፤ ልጇ ሚስቱን አየ። እናትየው ማንቆርቆሪያውን ሽቅብ አነሳችና ከፍ ካለበት ለቀቀችው። ውሃው ወረደ፤ ኩባያው ውስጥ ተንደቀደቀ፣ በድልድዩ ሥርም አስተጋባ። የቀዛፊዋ ትከሻ ዘለለ፤ ዓይኗን ጨፍና የባሏን ሽርጥ ጨምድዳ ያዘች። እሱ የለመደውን ጥያቄ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እናቱ በዓይኗ ዝም አሰኘችው። ጠበቁ። ታንኳው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

ቀዛፊዋ አንድ ዓይኗን ከፈተች።

"ግማሹን ወንዙ ውስጥ ደፉት እኮ፣ እማማ።"

"እናንተ ናችሁ ያስረሳችሁኝ! ስቀዳ የኖርኩ ሴት ነበርኩ!"

"እንግዲያ ይድገሙት" አለች ቀዛፊዋ፣ ኩባያውን ከባሏ ተቀብላ በራሷ እጅ ይዛ።